መርከቧና በርኖሱ

ጣሊያኑ ወታደር በርኖሱን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ቦሰና እንደገና ወደ ደረቷ ትሰበስበዋለች።

«መጀመሪያ ስለ መርከቧ ይንገረኝ በለው።»

ያሕያ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከአልዩ አምባ ጣርማ በር ድረስ የወጣው ጨው ለመሸጥ ነበር። ዋሻ ከሚያስቆፍሩት ጣሊያኖች የለቃቀማት ቋንቋ ናት አስተርጓሚም ደላላም ያደረገችው። ጉሙ ጢሙ ላይ ውሃ ሆኗል፤ እግሩ ደንዝዟል። በርኖሱ ቢሸጥ ድርሻውን ይዞ ወደ ቆላው ሙቀት ይወርዳል።

በርኖሱ የባሏ የኃይለ ገብርኤል ነው። ጣሊያኖች አስረው ምጥዋ አወረዱት፤ ከዚያ በመርከብ አሻገሩት ተባለ፤ ወሬው እዚያ ላይ ጠፋ። የሚመለስ ከሆነ በዚህ ብርድ ምን ይለብሳል? የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ጎተራዋ ባዶ ነው።

ስለ መጣባት መርከብ ሲጠየቅ የወታደሩ ፊት ይፈታል። ነጭ ነበረች ይላል፤ ሀብታሞችን አሜሪካ የምታመላልስ፣ የጭፈራ አዳራሿ መስታወት የለበሰ፣ ሆዷ ውስጥ የመዋኛ ኩሬ ያላት። ኩሬዋን ያሕያ ሳይተረጉም ይዘላታል። ባሕር ላይ ሆኖ ውሃ የሚጭን አለ ቢላት፣ ውሸታም የምትለው እሱን ነው። ጦርነቱ ሲመጣ መስታወቱን ነቅለው የብረት አልጋ ደራረቡባት። ወታደር ከላይ፣ በቅሎ ከታች። ወታደሩ ያን አዳራሽ የሚያውቀው በማዕበሉ እያስመለሰው ነው።

ባሏን የወሰደችው ሌላ መርከብ ልትሆን እንደምትችል ያሕያ ያውቃል። ለቦሰና ግን የኖኅ አንዲት፣ የጣሊያን አንዲት ናት፤ ሦስተኛ የለችም። ሊያስረዳት ያስብና ይደክመዋል።

«ትመለሳለች ወይ በለው።»

ወታደሩ ይስቃል፤ ሳቁ ደስታ የለበትም። እንዴት አትመለስ፤ አንድም ቀን ባዶዋን መጥታ አታውቅም፤ ሰሞኑንም ወታደር አጭቃ ምጥዋ ደርሳለች።

ያሕያ ጢሙን ይጠርጋል። ሁሉንም ቢነግራት በርኖሱ ይሸጣል።

«ትመለሳለች፣ እመት ቦሰና» ይላል። «ባዶዋን መጥታ አታውቅም አለ።»

«ሰው ይዛ ነዋ?»

«ሰው ይዛ።»

ውሸት የለበትም።

ወታደሩ ምን አለች ይለዋል። ለባሌ ነው ብላለች ይለዋል ያሕያ። ጣሊያኑ ባሏ የት እንዳለ አይጠይቅም፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ይሸጉጣል።

ቦሰና በርኖሱን ደርባ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። የበርኖሱ የትከሻ ሹል ከራሷ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጉሙ ውስጥ ሲያዩት ሁለት ሰው የሚሄድ ይመስላል።