ጥቁሩ አባያና ሁለቱ የዱቄት ቧንቧዎች

መሐንዲሱ በመካነ ሰላም ለሚቆመው ዱቄት ፋብሪካ ሁለት ቧንቧዎች ለሙከራ ገጣጥሞ፣ አንደኛው ዱቄቱን በአየር ገፍቶ፣ ሌላኛው ደግሞ ስቦ እንደሚያጓጉዝ ሲያስረዳ፣ የፋብሪካው ባለቤት ዘሃራ ትታው ወጣች። ስትመለስ ከጅዳ ያመጣችውን፣ ለዒድ ብቻ የምታወጣውን ጥቁር አባያ ለብሳ ነበር። ባሏ ሃሩን ከአሮጌው ወፍጮ ቤታቸው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ እያሳለ መጣና «ያ አላህ! ምን ነክቶሽ ነው?» አላት።

ሄዳ ከሚገፋው ቧንቧ መጋጠሚያ ሥር ቆመች። ሞተሩ ሲነሳ ዱቄቱ በመጋጠሚያው እየቦነነ ወጥቶ አባያዋን ነጭ አደረገው። ሙከራውን የሚያየው ሠራተኛ ሁሉ አውካካ። አራግፋ ከሚስበው ሥር ቆመች፤ ሞተሩ ጮኸ፣ አባያዋ ግን እንደጠቆረ ቀረ።

«ይኸኛውን ይትከሉልኝ» አለች መሐንዲሱን። ከዚያ በአባያዋ እጅጌ የሃሩንን ጉንጭ ጠረግ አደረገችና «እኔ እኮ ያገባሁት ጠይም ሰው ነበር!» አለች።