የማስቲሽ ገደብ

«በዚህ ቤት ከኔ አፍንጫ የሚያመልጥ ሽታ የለም!» አለች ትንሿ ጥያቄ፣ ወገቧን ይዛ። «ጋሼ፣ ያንን ዕቃ ወደ ከረጢትዎ ይመልሱት። እኔው አሽትቼ እነግርዎታለሁ።»

ዕቃ ያለችው፣ የጫማ መሥሪያውን አየር ሊመረምር የመጣው ለኪ አክስቷ ቀበቶ ላይ የሰካትን ትንሽ ማሽን ነው። ከማሽኗ የወጣው ቀጭን ቱቦ በአክስቷ ትከሻ ዞሮ ኮሌታዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የምትተነፍሰውን አየር ጥቂት በጥቂት ይስባል።

አክስቷ የጫማ ሶል የምትለጥፍበት ክፍል ጠባብ ነው። አጠገቧ ያለው በርጩማ የድሮዋ ለጣፊ አግብታ ከሄደች ወዲህ ባዶውን ቆሟል። ጥያቄ እዚያ ለመቀመጥ ቋምጣለች። አክስቷ ደግሞ «ለኪው ችግር የለውም ካለ ትቀመጫለሽ፤ ካላለ አርፈሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ስለዚህ ልጅት ሰውየውን እግር በእግር ስትከተለው አረፈደች። ሠራተኞቹም ጥያቄ የሚል ስም ያወጡላት ወደው አይደለም።

«በይ አፍንጫሽን እንሞክራት» አለ ለኪው፣ ሳቅ እያመለጠው። «ዓይንሽን ጨፍኚ። የማስቲሽ ቆርቆሮ ከፍቼ ከወዲያኛው ግድግዳ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ። ልክ ሲሸትሽ እጅሽን አንሺ።»

ጨፈነች። የጫማውን ኮቴ ሰማች። አፍንጫዋን እንደ ጥንቸል አነቃነቀች፤ ምንም የለም። «ኧረ ቶሎ ይምጡ! እዚያው ተኙ እንዴ?»

«ግለጪ።»

ቆርቆሮው አገጯ ስር ነበር።

ይሄኔ ቆዳ ያመጣው ሹፌር በሩን ከፈተና ገና አንድ እግሩን ሳያስገባ አፍንጫውን በክንዱ ከደነ። «ወይ ጉድ! እዚህ ውስጥ ነው የምትውሉት?» ብሎ ጥቅሉን ደጃፉ ላይ ጥሎ ተመለሰ።

ጥያቄ ሹፌሩን አየች፤ ቆርቆሮውን አየች። ማፈሩን ለሌላ ቀን አሳደረችው። «አፍንጫዬን ማን ሰረቀኝ?»

«ለምዶት ነው። የለመደ አፍንጫ ዝም ይላል፤ ሳንባ ግን መሳቡን አይተውም። ለዚህ ነው ሰው ሳይጎዳ የሚስበው የማስቲሽ ሽታ ገደቡ በቁጥር የሚወጣው።»

«ቁጥሩንስ ማን አወጣው? ማስቲሹ ይዞት ተወለደ?»

«ሰዎች ናቸው። ሐኪም አለ፣ ኬሚስት አለ፣ አሠሪና ሠራተኛም አለበት። ምን ያህል የሳበ ሰው ራሱን አመመው፣ ምን ያህል የሳበው እጁ ተንቀጠቀጠ እያሉ ይመረምራሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገው ገደቡን ያሰምራሉ።»

አክስቷ የገዛ እጇን አየት አድርጋ ወደ ሶሏ ተመለሰች።

«ሁሉም ተስማምተው?» አለች ጥያቄ።

«ማን ይስማማል! ይጨቃጨቃሉ እንጂ። አዲስ ነገር ሲታወቅ ደግሞ እንደገና ያወርዱታል።»

«እንዴ! አምና ደህና የተባለው አየር ዘንድሮ መጥፎ ሊባል ነው? እሱ እኮ ምንም አላደረገም!» ነገሩ ጣማት። «ሰውየው ወፍራም ከሆነስ? ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነስ? ሲስቅስ?»

«ኧረ በቀስታ፣ የኔ እህት!»

«እሺ፣ የመጨረሻ። ለኔ ስንት ነው?»

ለኪው ሳቁን ዋጠ። የአክስቷ መዶሻም አየር ላይ ቀረ።

«ቁጥሩ የተሠራው ለአዋቂ ሰው ነው፤ የቀን ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ለሚገባ። በአንቺ ዕድሜ...» አንገቱን አከከ። «ላንቺ የወጣ ገደብ የለም።»

ጥያቄ በደስታ ጮኸች። «ሰማሽ አክስቴ? እኔ ገደብ የለኝም!» ብላ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

አክስቷ መዶሻዋን አስቀመጠች።

«አለሽ እንጂ። በሩ ነው። ውጪ!»