ለማሙሽ የተገኘ ቦታ

ማሙሽ እንዲሰናበት የተወሰነው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሠራተኞቹ ሻይ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው።

በአራዊት ማቆያው ውስጥ «ማሰናበት» ማለት በመርፌ መግደል ነው። ቃሉን ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም ግን አፉ ላይ ቀሎታል። ነገሩን ያስረዳው የእንስሳት ሐኪሙ ነበር። ደረቅ ሰው ነው፤ ሰላምታው ራሱ ትእዛዝ ይመስላል። ማሙሽ ጎረምሳ እየሆነ መምጣቱን፣ አባቱ ከእንግዲህ በሰላም አብሮት እንደማያድር፣ ትርፍ ክፍል እንደሌለና ወንድ አንበሳ የሚቀበል ሌላ ማቆያ ተፈልጎ እንደታጣ ተናገረ።

ሁሉም ዞር ብለው ሻምበልን አዩ።

ሻምበል የአንበሶቹ ጠባቂ ናት። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፣ አረማመዷን አይተው። ማሙሽን እናቱ አላጠባም ስትል ወደ ቤቷ ወስዳ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ በጡጦ ያሳደገችው እሷ ናት። የሶፋዋ ጨርቅ እስከ ዛሬ ድረስ እሱ እንደቦጨቀው ነው።

«ያመዋል?» አለች።

«አይሰማውም» አላት ሐኪሙ።

«አንተስ? ይሰማሃል?»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

እራት ላይ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ ከማሙሽ ጋር አንድ ቤት ያደረች ናት፤ «ታናሽ ወንድሜ» እያለች ታሾፍ ነበር። አሁን አላሾፈችም። ማሙሽ ግልገል ሳለ ጡጦ ሲጠባ ያነሳችውን ፎቶ ስልኳ ውስጥ ፈልጋ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ሥሩ ላይ «ትርፍ ነው ተብሎ ሊገደል ነው» ብላ ጻፈች።

ሲነጋ ማሙሽን የማያውቅ አልነበረም። የማቆያው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። እናቶች ልጆቻቸውን እሽኮኮ አድርገው መጡ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ማንሳት ትቶ በጓሮ በር መግባት ጀመረ።

ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ፊቱ ወዝ ወዝ እያለ፣ ቦታ መገኘቱን አበሰረ። የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ያለች ማቆያ ማሙሽን ደስ ብሏት ልትቀበል ነው። ትንሽ ናት፣ የራሷ ሐኪም እንኳ የላትም፤ ቢሆንም አንበሳውን ትፈልገዋለች። ተጨበጨበ። ያላጨበጨበው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ሻምበል ይህን አየች፤ አይታም በሆዷ ያዘችው።

ማሙሽ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ሐኪሙ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ በጠዋት ወጣ። የተመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ሻምበል ቧንቧው ጋ ቦቲ ጫማውን ሲያጥብ አገኘችው፤ ጫማው እስከ ላይ ቀይ ጭቃ ነው። የት ዋልክ ብትለው ሥራ ነበረብኝ ብሎ ማጠቡን ቀጠለ። ሄዳ የመድኃኒት ክፍሉን ማቀዝቀዣ ከፈተችው። ማሰናበቻው መድኃኒት የሚቀመጥበት መደርደሪያ ባዶ ነበር።

ያን ጊዜ ገባት። መንገድ ላይ ሊጨርሱት ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ መድኃኒቱም ሐኪሙ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ለሕዝቡ በሰላም ደረሰ ይባላል፤ አንበሳ እንደሆነ ደርሻለሁ ብሎ ስልክ አይደውልም።

በማግስቱ ሣጥኑ ጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ እሷም አብራ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ምን አደከመሽ፣ ሐኪሙ አለ አይደል ወይ ቢላት፣ እሱ ስላለ ነው የምሄደው አለችና ጋቢና ገባች። የሚነዳው ሐኪሙ ራሱ ነበር። ቦርሳውን ከመቀመጫው አንስታ እግሯ ሥር አደረገችው፤ በሁለት ጫማዋ መሃል አጥብቃ ያዘችው። እሱም አየት አድርጓት ሞተሩን አስነሳ። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳ በፍርግርጉ ታያለች። ማሙሽ ድምጿን ሲሰማ አፍንጫውን ያስጠጋላታል።

ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀይ አፈር መንገድ ታጠፈ።

ሻምበል ክው አለች። መሪው ላይ ያለውን እጁን ያዘችው።

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ወደ ማቆያው ነዋ» አላት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

እውነቱን ነበር። ከኩርባው ወዲያ ሰፊ የብረት በር ታየ። በሩ ላይ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ግልገል አንበሳ ጡጦ ሲጠባ ይታይበታል። የአንበሳ ጠባቂው፣ ፀጉራቸው የነጣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ወጥተው ተቀበሏቸው። ሰዉ አንበሳው መቼ ነው የሚመጣው እያለ በር በሩን ሲያይ እንደሰነበተ ነገሯት። ሲነግሯት ፈገግ አላሉም።

ግቢው ሣር አለው። በጥፍር የተላጠ የዛፍ ግንድ አለው። ሲሚንቶው ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። ማሙሽ ከሣጥኑ ወጥቶ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ ከጥግ እስከ ጥግ አሸተተ። ከዚያ መሃል ላይ ቆመና ወደ ውስጥ በር እያየ አንድ ጊዜ ተጣራ። ቤቱን እስኪለምድ ነው አለች ሻምበል። አጥሩን ተደግፋ አለቀሰች።

እንባዋን ስትጠርግ ሐኪሙ አጠገቧ ቆሟል።

«በክፉ ጠርጥሬህ ነበር» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

«እባክሽ፣ እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ» አላት። ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ድርቅናው ነው ብላ ተወችው። ወደ ሽማግሌው ሄዳ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እናንተ ጋ ቦታ ባይኖር ልጄ አልቆለት ነበር።»

ሽማግሌው እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አወጡ።

«ቦታማ አልነበረንም» አሏት። «እኔ ያሳደግኋቸው እናትና ልጅ አንበሶች ነበሩበት፤ ትናንት ሐኪማችሁ መጥቶ አሰናበታቸው።»