ሦስተኛው ሸርተቴኛ

የሆቴል ጥበቃ ኃላፊው አቶ ገሠሠ ከሆቴሉ አንዲት ፓኬት ስኳር እንኳ እንድትወጣ የማይፈቅድ ሰው ነበር። ልብስ እጥበት ክፍል የምትሠራው ሚስቱ ብዙነሽ አንድ ቀን ሁለት ሳሙና ቦርሳዋ ውስጥ ብትከት፣ እዚያው ሰው ፊት አስመለሳት። የጠየቀው ሳይኖር፣ "የሰው ነገር አልወድም" ይላል።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በአንዱ ጥር፣ አትላንታ ላይ የማታውቀው ብርድ ወረደባት። ቧንቧው ሁሉ ቀጥ አለ፣ የጋሎን ውኃ ከየሱቁ አለቀ፣ የሆቴሉ ቧንቧ እንኳ ጠብ ጠብ ነበር የሚለው። የበረዶ ሸርተቴ ክበብ የሚባል ማኅበር ደግሞ፣ በረዶ በማታውቅ ከተማ ምን እንደሚንሸራተት እሱ ይወቀው፣ የሁለት ቀን ግብዣውን እዚያው ሆቴል ደገሰ። ሼፉ ሦስት ሸርተቴኞች ከበረዶ ጠርቦ አቆመላቸው። እያንዳንዳቸው የሁለት ዓመት ልጅ ያክላሉ፤ በእጃቸው ቀይ ሪባን የታሰረበት አጭር የእንጨት ዱላ ጨብጠዋል።

ዓርብ ማታ ብዙነሽ አየቻቸውና "ዞሮ ዞሮ ቀልጠው ሊደፉ አይደል፣ ያሳዝናል" አለች።

ገሠሠ አልሰማትም። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ነውና የእሑዱ የጥምቀት ውኃ አስጨንቆታል።

"የውኃውን ነገር ለእኔ ተወው" አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ያደሩበት ፍሪዘር ሲከፈት ሸርተቴኞቹ ሁለት ናቸው። ማናጀሩ ገሠሠን ጠርቶ፣ ሌባው እስከ ማታ ካልተገኘ የምትባረረው አንተ ነህ አለው።

ገሠሠ ፓርኪንግ ወረደ። የሳህን አጣቢው የጥላዬ መኪና የኋላ ወንበሩ በውኃ ርሷል። የጥላዬ ወንድም ደግሞ ማዶ ያለው ተፎካካሪ ሆቴል ነው የሚሠራው። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

"መኪናህን ምን አራሰው?"

"ለሰው ዕቃ አድርሼ ነው፣ ጋሼ።"

"ለማን?"

"እሱን አልናገርም፣ ቃል ገብቻለሁ። ግን ሌባ አይደለሁም።" ጥላዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ሁለት ልጆች አሉኝ። እርስዎ ያውቁኛል።"

"የማውቅህ መስሎኝ ነበር" አለ ገሠሠ። ጥላዬን ከሥራ ፋየር አስደረገው፤ ባጁንም በራሱ እጅ ተቀበለው።

ማታ ቤት ሲገባ ብዙነሽ የለችም። ቤተ ክርስቲያኑን ለማሰናዳት አቮንዴል ሰፈር ሄዳ እዚያው ልታድር ነው። ገሠሠ ራቱን ለብቻው በላና ንጹሕ ኅሊና እንዳለው ሰው ለጥ ብሎ ተኛ።

እሑድ፣ ለቤተ ክርስቲያን በተከራዩት አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ ጣል የተደረገበት በርሜል ቆሞ ነበር። ቄሱ ባርከው ሲረጩ ውኃው አጥንት ይሰረስራል። ገሠሠ ከሁሉ ቀድሞ ፊቱንም ደረቱንም ሰጠ፣ ለወገቡ ሕመም ብሎም ጠጣ።

"ሁሉ ቧንቧ በደረቀበት ቀን ይህን የመሰለ ውኃ ከየት ተገኘ?" አሉ ቄሱ።

"ከእኔው ቤት ነው፣ አባ" አለ ገሠሠ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ብዙነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ገሠሠ ለቤትም የሚሆን ሊቀዳ ጨርቁን ገለጠና ጣሳውን ሰደደ፤ ጣሳው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። እጁን ከትቶ አወጣው።

ቀይ ሪባን የታሰረበት ዱላ እንደጨበጠ፣ ገና ያልቀለጠ የበረዶ እጅ ነበር።