ዝምተኛዋ ወፍ

ሳጂዳ የአባቷን ድቤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ በየጥቂቱ ታዞረዋለች። ቆዳው በጠዋቱ ካፊያ ረግቧል፤ ሲሞቅ ይወጠራል። በጣቷ ጫፍ መታ ታደርገውና ገና ነው ብላ ትተወዋለች።

አባቷ ሼህ በድሪ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ለብ ያለ ውሃ ፉት እያሉ ጉሮሯቸውን ያለሰልሳሉ። ነገ ወደ ሐረር ይሄዳሉ፤ አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ ድምፃቸው እንደነበረ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ከቦኬ እስከ መቻራ ሰርጉም መውሊዱም የሚያውቀው ድምፅ ነው። ስለዚህ ዛሬ መንዙማቸውን ሳጂዳ በስልኳ ልትቀዳላቸው ተስማምተዋል።

ስልኳ ላይ መልእክት ይገባል። የአክስቷ ልጅ ሑዘይፋ ነው፤ ቅጂውን ዩቱብ ላይ የሚጭነው እሱ ነው። ሽፋኑን ቀድሞ ሠርቶ ልኮታል፤ የአባቷ ፎቶ፣ ከሥሩም በወርቃማ ቀለም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

«ምን ይላል?» ይላሉ አንገታቸውን ወደ ስልኩ ሰገግ አድርገው።

ሳጂዳ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ትርጉሙ አልጠፋትም። ግን ሰው ለሕክምና ሊሄድ ሲነሳ በዚህ ቤት «መጨረሻ» የሚባል ቃል አይነሳም፤ ሟርት ነው።

«የስዋን ዜማ ይላል፣ አባ። ስዋን ነጭ የውሃ ወፍ ናት፤ አንገቷ ረጅም።»

«አንገቷ ረጅም ከሆነ» ይላሉ እንቅርታቸውን እየዳሰሱ፣ «እኔን አላለም።»

ትስቃለች። እሳቸው ግን አልተዉትም። «እና ምን ታደርጋለች?»

«ድሮ ግሪኮች የዜማ አምላክ የሚሉት ነበራቸው። ወፏ የሱ ናት ይሉ ነበር።»

«አስተግፊሩላህ። እሺ፣ ቀጥዪ።»

«ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ትላለች። ከዚያ…» ድቤውን ታዞረዋለች፤ መዞር አላስፈለገውም። «ልትሞት ስትል ታዜማለች። ከዜማ ሁሉ የሚያምረው ያ ነው ይላሉ። ፈረንጆች የትልቅ ሰው የመጨረሻ ሥራ ሲያደንቁ እንደዚያ ይሉታል። ሑዘይፋ ሊያሟርት ብሎ አይደለም፣ አባ። ሊያከብርዎት ነው።»

ሼህ በድሪ ብርጭቆውን ያስቀምጣሉ። ከአጥሩ ውጪ ጫት የጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። እስኪርቅ ይጠብቃሉ።

«ልትሞት መሆኗን ማን ነገራቸው? ወፏ ራሷ አለች?»

«አላለችም። የሰሟት ሰዎች ናቸው ያሉት።»

«እኔም አላልኩም።» እጃቸውን ለድቤው ይዘረጋሉ። «አምጪው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ደግሞስ እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? ጎረቤቱን ጠይቂ።»

ትቀዳለች። ድምፃቸው መጀመሪያ ይሻክራል፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ይጠበዋል። ሳጂዳ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመደችው በየአዝማቹ ትቀበላቸዋለች። መዝጊያው ቤት ሲቃረብ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

እጃቸው ድቤው ላይ ያርፋል። ዝም ይላሉ።

«መዝጊያው ቀረ እኮ፣ አባ። ረሱት እንዴ?»

«መንዙማ ረስቼ አውቃለሁ? ከሐረር ስመለስ ነው የምዘጋው።»

በምን ድምፅ፣ ልትል ትልና ትተወዋለች። እሳቸው ግን ከፊቷ ላይ አንብበውታል።

«አላህ በሚተውልኝ ድምፅ» ይላሉ። «ቢሻክርም ትቀበይኛለሽ።»

«ኢንሻአላህ።»

ቅጂውን ለሑዘይፋ ትልክለታለች። ከሥሩም ሽፋኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አጥፍቶ በቦታው «ክፍል አንድ» እንዲል ትጽፍለታለች። መልእክቱ መድረሱን አይታ ስልኩን ምንጣፉ ላይ ትደፋዋለች።