የማለዳው ዋሽንት

በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ዋሽንት ነፊው እኔ ነበርኩ። መሪያችን ጓድ አብዱልወሀብ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቤቱ አንድ ሰዓት ያልተለማመደ ከኪነት ተባሮ ጦር ግንባር እንደሚላክ ነገረን። እኔ ደግሞ በደሴ ብርድ ማለዳ መነሳት ሞቴ ነው። ዋሽንቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስተኛ ከረምኩና፣ ጓድ አብዱልወሀብ ሲጠይቀኝ «ወላሂ፣ በየማለዳው እነፋለሁ» አልኩት።

«መማል ምን አመጣው?» አለኝ፤ ጎረቤቴ ነው። «ግድግዳ ለግድግዳ አይደለን? በየቀኑ እሰማሃለሁ። አንተ በሺር፣ ለካ ሰው ሆነሃል!»

የማንን ዋሽንት እንደሰማ እሱ ይወቅ ብዬ ሳቄን ዋጥኩ።

በማግስቱ ዋሽንቱን ሳወርደው ግን አፉ እርጥብ ነበር። የተላመጠ ጫት ያለበት ለብ ያለ አረንጓዴ ምራቅ እየተዝለገለገ ጣቴ ላይ ወረደ። እኔ ጫት አልቅምም፤ የማድረውም በሬን ከውስጥ ቀርቅሬ ብቻዬን ነው። በአመድ ፈግፍጌ አጠብኩት። በሦስተኛውም ቀን ያው ነው፤ እንደ በሰበሰ ጥርስ ይሸታል።

ኮምቦልቻ ሄደን የምንጫወትበት በዓል ሲቃረብ ጓድ አብዱልወሀብ በየተራ ፈተነን። ከመዝመት ይሻላል ብዬ ዋሽንቱን ከንፈሬ ላይ አደረግኩት። ገና ትንፋሼን ሳላወጣ ዜማው ፈሰሰ፤ እኔ የማላውቀው፣ አንጀት የሚበላ ዜማ።

«ልምምድ ማለት ይሄ ነው!» አለ ጓድ አብዱልወሀብ ዓይኑን ጨፍኖ።

ልተፋ ብዬ ዋሽንቱን ላላቅቅ ስል፣ ከቀዳዳው ውስጥ ሸካራ ምላስ ወጥቶ ከንፈሬን ላሰኝ።