የሕፃን ሀ ልጅ

ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት ልጆች አፍ ሲፈቱ በማዳመጥ ነው። ስማቸውን ያስጠራችው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት። ገና ኮልታፋ ሳለች ካልጋዋ ሥር ቴፕ አስቀምጠው ድምፅዋን ይቀዱ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ ምጣ!» አለቻቸው፤ «ና» ለማለት ነው። ሌላ አባት ቢሆን ስቆ ያርማት ነበር። እሳቸው መጽሐፍ ጻፉበት። «ምጣ» የሚል ትልቅ ሰው የለም። እንግዲያው ልጅ የሰማውን እንደ በቀቀን አይደግምም፤ ሕጉን ራሱ ያወጣል።

በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቱ «ሕፃን ሀ» ትባላለች። ስሟ ይደበቅ እንጂ ማንነቷን የማያውቅ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የክፍል ጓደኞቿ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «ምጪ! ምጪ!» ይሏት ጀመር። በሠርጓ ዕለት አባቷ ማይክሮፎን ተቀብለው ቅጂውን ለእንግዳው ሁሉ አሰሙ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራይቱም ፈገግ ብላለች፤ ፎቶው ላይ ይታያል።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት ሲቀሯቸው የልጅ ልጅ አዩ። ሁለተኛው መጽሐፍ በእሷ ላይ ሊሆን ነው። ልጅቱ ሦስት ዓመት አለፋት፤ ፕሮፌሰሩ ግን እስካሁን አንዲት ቃል እንኳ አልቀዱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሶፋው ላይ ይቀመጡና ከኮታቸው ኪስ ትንሿን መቅጃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ቀይ መብራት ትበራለች። ሕፃኗ አፏን ግጥም አድርጋ ታያቸዋለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» ይላሉ ኳስ አንሥተው።

ዝም።

«በይ ኳሷን ካልጋው ሥር ደብቂና የእናትሽን ጫማ አምጪ።»

ኳሷን ደብቃ ጫማውን ታመጣለች።

«መስማቱንስ ትሰማለች» አሉ ለልጃቸው። «መናገሩ ነው የጠፋው። ሐኪም አሳየሻት?»

«አይቷታል። ደህና ናት አለኝ።»

«ሐኪም ስለ ቋንቋ ምን ያውቃል!»

«እሱስ እውነትህን ነው አባዬ» አለች፤ ልብስ ማጠፏን ሳታቋርጥ።

እርጋታዋ አንገበገባቸው። እናት ሆና እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? ባሏም ቢሆን ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሳል ሳል ይለውና ወደ ጓዳ ይገባል። ፕሮፌሰሩ ነገሩ ገባቸው። ልጅቱን ክፉ ነገር አግኝቷታል፤ ሽማግሌውን ላለማስደንገጥ ባልና ሚስት ተማክረው ደብቀዋቸዋል።

አንድ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ፕሮፌሰር፣ ጭራሽ የማይናገር ልጅስ ምን ይባላል?»

ብዙ የሚባል ነገር ነበር፤ ራሳቸው ጽፈውታል። ግን አንዱም አልመጣላቸውም። ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ። ኮታቸው ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በሸሚዝና በባርኔጣ ብቻ ልጃቸው ቤት ደረሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ከውስጥ የሕፃን ወሬ ሰሙ፤ ቴሌቪዥን ነው ብለው አንኳኩ። ወሬው ቀጥ አለ።

«አባዬ? ምነው በደህና?» አለች ልጃቸው በሩን ከፍታ።

«መጽሐፉን ትቼዋለሁ።»

«የቱን መጽሐፍ?»

«ሁለተኛውን። አልጽፈውም። ትናገርም አትናገርም የልጅ ልጄ ናት።» ወደ ውስጥ ገቡ። «ዛሬ የመጣሁት ላቅፋት ብቻ ነው።»

 ከልጃቸው እጅ ፎጣ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

ፕሮፌሰሩ ጉልበታቸው እያንቋቋ ወለሉ ላይ ተንበረከኩና እጃቸውን ዘረጉ። ሕፃኗ ቀስ እያለች ቀረበች። አልታቀፈችም። መጀመሪያ የሸሚዛቸውን ኪስ ዳበሰች። ቀጥላ የሱሪያቸውን ቀኝ፣ ከዚያ ግራውን። ባርኔጣቸውንም ብድግ አድርጋ ሥሩን አየች።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞር አለች።

«እማዬ፣ አያቴ ዛሬ መቅጃውን አልያዘም፤ ካልያዘ ማውራት ይቻላል ብለሽኝ የለ?»